እጄ ይውጣለት

ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ስመኘው ዛሬ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ባሌ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት ቢሆነንም "ባሌ" የሚለው ቃል አሁንም ያስቀኛል፤ አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምናስተምር ሁለት ተከራካሪዎች ነን።

የሄደው ለእኔ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ አምስት ናሙና ቅይጥ ነው፤ ቢስመዝ የሚባል ማዕድን ከአንቲሞኒ ጋር ቀልጦ። አንቲሞኒው በየናሙናው መጠኑ ይለያያል፤ ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ ያለባትን "አሥራ ሁለቷ" እንላታለን። ያቀለጥኳቸው እኔው ነኝ፤ መለካቱ ላይ ግን ሆዴ ቀደመኝ። ሰባተኛ ወሬን ይዤ፣ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጊዜ፣ አይታሰብም ብለው እማዬም ሐኪሙም እሱም ተባበሩብኝ። ስመኘው የተመረቀው እዚያው ባሕር ዳር ባለው ቤተ ሙከራ ሠርቶ ነው። መሣሪያዎቹን ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል። ለነገሩ እነሱም ከእኔ ይልቅ ለእሱ ይታዘዛሉ።

ናሙናዎቹን ለማቀዝቀዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ የሚገኘው የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡት ከብት አዳቃዮች ዘንድ ነው። ሄዶ እየለመነ በቴርሞስ ይቀዳል። እማዬ ይህን ስትሰማ፣ "ታዲያ ላም ሳይነዳ ቢሄድ ይሰጡታል?" አለችው። እስከ በር ድረስ እየሳቀ ወጣ።

ጥቅምት 13

ዛሬ ትምህርት ነበር። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ ከፊል አስተላላፊ አስተማርኩ። ኤሌክትሮን ከቦታው ሲነሣ የሚተወውን ባዶ ቦታ መጽሐፉ "ሆል" ይለዋል። "ቀዳዳ" ብዬ ተረጎምኩትና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ በእነሱ ቋንቋ ቀዳዳ ማለት ውሸታም ነው። አንዱ፣ "መምህር፣ ቀዳዳው ይንቀሳቀሳል?" አለኝ። "አዎ፣ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ወንበር" ብዬ አስነሣሁትና ከፊት አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲያ "ጉድለት" አልኩት። ጉድለት ይሻላል። ጎረቤት ኤሌክትሮን ወደ ባዶው ቦታ ይገባል፣ የእሱ ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ወደዚያ ደግሞ ሌላው ይገባል። እንዲህ እያለ ባዶው ቦታ ራሱ የሚሄድ ይመስላል። የሌለ ነገር ይሄዳል፤ ክብደትም እንዳለው ሆኖ ይለካል። ልጆቹ መጻፍ አቆሙ። ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ያቆማሉ።

ማታ ስመኘው ደወለ፤ ሁለት ናሙና ጨርሷል። "እጄን እያስወጣሁ ነው የምለካው፣ አትጨነቂ" አለኝ። ይህ የእሱ አባባል ነው። ናሙናውን በጣቱ ይዞ የመለኪያውን አራት መርፌዎች ካሳረፈበት በኋላ ከረንት ሳይለቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የጣቱ ሙቀት አንዱን ጫፍ ካሞቀው ቅይጡ በራሱ ጊዜ ቮልቴጅ ይፈጥራልና፣ ከረንት ሳይኖር መለኪያው ያነባል። "እጄ ይውጣለት" ይላል። ቁጥሩ እየወረደ ወርዶ ዜሮ ሲሆን፣ "አሁን ወጣ!" ብሎ ጠረጴዛውን ይመታል። ጋኔን ያስለፈለፈ አጥማቂ ይመስላል።

ጥቅምት 21

መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ጠዋት ከወንዙ ማዶ ተኩስ ተሰማ፣ ከቀትር በኋላ ጭር አለ። ትምህርት ቤት ዝግ። ሕፃኑ ይራገጣል። እግሬ አብጧል።

ጥቅምት 24

ኔትወርክ ለጥቂት ጊዜ ተለቀቀና ስመኘው ደወለ። አራቱን ናሙናዎች ጨርሷል። "ነገ መንገዱ ክፍት ነው ይላሉ፤ የአሥራ ሁለቷ ናይትሮጅን ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው የሚገኘው። ትቻት ልምጣ?" አለኝ።

"አሥራ ሁለቷን ሳትለካማ እንዳትመጣ" አልኩት።

"እሺ አለቃ" አለ። ሳቀ። መስመሩ ተቋረጠ።

ምን ልበለው ታዲያ? ሥራው በሙሉ ያለው እሷ ላይ ነው። ቢስመዝ ብቻውን ሲሆን ሁለቱ የኃይል ባንዶቹ፣ ኤሌክትሮን የሚኖርባቸው እርከኖች፣ ጫፍና ጫፋቸው ይደራረባል። ኤሌክትሮኑ ከታችኛው ወደ ላይኛው ያለ ከልካይ ይመላለሳል። አንቲሞኒ ሲጨመርበት ባንዶቹ ይለያዩና በመካከላቸው ክፍተት ይከፈታል፤ ኤሌክትሮን ሊዘለው እንጂ ሊኖርበት የማይችል ክፍተት። አንቲሞኒው ሲበዛ ደግሞ መልሶ ይዘጋል። በሰፊው የሚከፈተው ከመቶው እጅ አሥራ ሁለቱ አንቲሞኒ ሲሆን ነው ብዬ ነው የተነሣሁት። እሷ ካልተለካች ገምቼ ቀረሁ ማለት ነው። ሁለት ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል?

ጥቅምት 28

መምጣት የነበረበት ትናንት ነው። ኔትወርክ የለም።

እህቴ ያምሮት መናኸሪያ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "አቧራው ነው" አለችኝ። እማዬ ወደ ጓዳ ጠራቻትና በሩን ገርበብ አደረገችው። የሰማሁት እማዬ "ማርያም በሽልም ታውጣትና፣ ከዚያ በኋላ…" ስትል ነው። የደም ግፊቴን ነው የሚያወሩት። ባለፈው ሳምንት ከፍ ብሏል ተብዬ ነበር፤ እንዳልጨነቅ ብለው ነው።

ሬዲዮኑን ዘግተውታል። ባትሪው አልቋል አሉ። ባትሪውን አውጥቼ በእጅ ባትሪው ሞከርኩት፤ ያበራል። ሬዲዮኑ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ኅዳር 1

እማማ እንቁ ከቡሬ ገጠር መጡ። የስመኘው እናት ናቸው። በዚህ የጤፍ አጨዳ ሰዓት፣ ሰው ከማሳው ቀና በማይልበት ጊዜ፣ ቤታቸውን ጥለው! ራሳቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረዋል። አቅፈውኝ ቆዩ፤ ከሆዴ ጋር ሦስት ሆነን።

"ራሴን አሞኝ ነው ልጀ፣ እዚሁ ካንች ጋር ልሰንብት ብየ ነው" አሉኝ።

"ስመኘው ደውሎልዎታል እማማ?"

"መንገድ ተዘግቶበት ነው" አሉ። ይህን ያሉት ግድግዳውን እያዩ ነው። ሽማግሌ ሰው መንገድ ደክሟቸዋል፤ አላስቸገርኳቸውም።

ኅዳር 3

ክንፈሚካኤል መጣ። የቤተ ሙከራው ቴክኒሻንና የስመኘው ጓደኛ ነው። የስመኘውን ቦርሳ ይዞ ነው የመጣው። ከቡሬ እስከዚህ በባጃጅ ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ውኃ አቀረብንለት፣ አልጠጣም።

"መንገዱ እስኪስተካከል ዕቃው ይቅደም ብሎ ነው" አለኝ።

"አንተ መምጣት ከቻልክ እሱን ምን ያዘው?"

የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለ። እማዬ ቶሎ ብላ "ሥራ ይዞታል አላልክም?" አለችው። "አዎ፣ ሥራ ነው እትዬ" አለ። እማዬን እትዬ ብሏት አያውቅም።

ቦርሳው ውስጥ ሹራቡ፣ ናሙናዎቹ በጥጥ ተጠቅልለው፣ ፍላሹ፣ መነጽሩ። መነጽሩን ረስቶታል! ያለ መነጽር የመለኪያውን ቁጥር በምን ያነበዋል? አንደኛው መስታወት ተሰንጥቋል። ዕቃ አያያዝ መቼ ያውቃል። ሲመጣ እነግረዋለሁ።

ሹራቡ ታጥቧል። ስመኘው ሹራብ አጥቦ አያውቅም።

ኅዳር 4

መብራት መጣ። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጌ ፍላሹን ከፈትኩት።

ለየናሙናው አንድ ፋይል አለ። በየፋይሉ አናት ላይ ከረንት ሳይለቀቅ የተመዘገቡ ቁጥሮች አሉ፤ በማይክሮቮልት ሦስት መቶ አሥር፣ ሁለት መቶ ሠላሳ፣ መቶ ስድሳ፣ እያለ እስከ ዜሮ። ጠብቆ ጠብቆ እጁን ያስወጣበት ነው። በአራቱ ናሙናዎች ሁሉ እስከ መጨረሻው ታግሷል።

አሥራ ሁለቷ ላይ አልታገሰም። ቁጥሩ ገና አርባ ሳለ ከረንቱን ለቅቆታል። ሦስት ጊዜ አየሁት። ስመኘው፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ የሚጠብቀው ሰው፣ አልጠበቀም። ቀኑ ጥቅምት 27 ነው፣ ጠዋት። ሚኒባስ ሊያመልጠው ነበር ማለት ነው። ለክቶ ቶሎ ሊመጣ ቸኩሎ እጁን ውስጧ ትቶት ወጣ።

ጥቅምት 27 ጠዋት ከወጣ ለምን አልደረሰም? መንገድ ተዘግቶበት ተመልሷል። እንዲያ ነው።

የተሳሳተ ልኬት አይደለም፣ ይስተካከላል። ከረንቱን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዙሮ ለክቷል። ከረንት ሲገለበጥ የቅይጡ ቮልቴጅ አብሮ ይገለበጣል፤ ከጣት የቀረው ሙቀት ግን አይገለበጥም። ሁለቱን ንባቦች አቀናንሶ ለሁለት ማካፈል ነው፤ እጁ ይጠፋል፣ ቅይጡ ብቻውን ይቀራል። ማንም ተማሪዬ ይሠራዋል።

ዛሬ ደክሞኛል። ነገ እሠራዋለሁ።

ኅዳር 8

እማማ እንቁ ናሙናዎቹን አይተው "ይኸ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ከፊሉ የኩል ዘመድ ነው እማማ። አንቲሞኒ ይሉታል፤ የጥንት ኩል ከእሱ ነበር የሚወጣው።"

"ኩል!" አሉና ፈገግ አሉ፤ ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። "ልጀ ሕፃን ሳለ የኩል ብልቃጤን ከፍቶ ፊቱን በሞላ ለቅልቆት ነበር። አባቱ በር ላይ ሲያየው ሰይጣን መስሎት አማተበ። እንዲህ ነበር ልጀ፣ ያየውን ሁሉ ካልነካ አይሆንለትም ነበር።" ከዚያ ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ቆዩ።

ስለ ልጅነቱ እያወሩ ስለሆነ ነው "ነበር" ያሉት። ስለ ልጅነት የሚወራው በ"ነበር" ነው።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

የነፍስ አባታችን አባ ቴዎፍሎስ ከቅዳሴ በኋላ ቤት መጡ። ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ ሲመጡ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተናግረው አስቀውን ነው የሚሄዱት። ዛሬ አላሳቁንም። መስቀል ተሳለምኩና ላፕቶፑን አይተው "ምን እየሠራሽ ነው ልጀ?" አሉኝ። ጥሩ ጠያቂ ናቸው፤ እኔም ክፍል ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ስለ ጉድለት አወራሁላቸው። የጎደለው ቦታ እንዴት እንደሚሄድ።

"ቆይ" አሉ አባ። "የሚሄደው ማነው? ጉድለቱ ነው ወይስ በዙሪያው ያሉት ናቸው?"

"በዙሪያው ያሉት ናቸው አባ። እነሱ ቦታ ሲቀያየሩ ነው ጉድለቱ የሄደ የሚመስለው።"

"እህ። እንግዲያ እነሱ ዐርፈው ቢቀመጡ፣ የጎደለው የት ላይ እንደሆነ ይታይ ነበራ" አሉና እማዬን ቀና ብለው አዩዋት። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። እማማ እንቁ ተከተሏት። ያምሮት ውኃ ላምጣ ብላ ተነሣች፤ ውኃው ፊታችን ነበር።

እኔና አባ ብቻችንን ቀረን። "አባ፣ የሚነግሩኝ ነገር አለ?" አልኳቸው።

መስቀላቸውን በመዳፋቸው አሻሹና "ሁሉ በጊዜው ነው ልጀ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አሉኝ።

አልደገምኩትም። በሁለት ሽቦ ስትለኪ የምትለኪው ናሙናውን ብቻ አይደለም፣ የራስሽንም ንክኪ ነው። ለዚህ ነው አራት መርፌ የምንጠቀመው። እኔ አሁን ብጠይቅ የሚመልሱልኝ ሆዴን እያዩ ነው፤ መልሳቸው ንጹሕ አይሆንም። ስለዚህ አልጠይቅም።

ኅዳር 20

ሁለት ቀን። ሁለት ቀን ቆይ አልኩት።

ጎረቤታችን ሀኒ ገንፎ ይዛ መጣች። ገና ከደጃፉ "እግዜር ያጽ…" አለች። እማዬ ሳል ያዛት። ሀኒ "እግዜር ያጠንክርሽ ማለቴ ነው፣ ለምጡ" አለችኝ። አሜን አልኳት።

ሰው ይመጣል። ጓሮ በኩል ገብቶ ጓሮ በኩል ይወጣል። እኔ ስገባ ስለ ማዳበሪያ ነው የሚያወሩት። በኅዳር ማዳበሪያ!

ዛሬ አሥራ ሁለቷን ልሠራት ተቀመጥኩ። መቀነስ ሲገባኝ ሁለቱን ንባቦች ደመርኩ። ስህተት አይደለም፤ አውቄ ነው። ስትቀንሺ እጁ ይጠፋል፤ ስትደምሪ ደግሞ ቅይጡ ይጠፋና እጁ ብቻውን ይቀራል። ለማንም የማይጠቅም ስሌት ነው። በግራፍ ሳልኩት፤ ከአርባ ተነሥታ ቀስ እያለች የምትወርድ መስመር ወጣች። የጣቶቹ ሙቀት ናት። ስክሪኑ ላይ እጄን አሳረፍኩበትና ከዚያ አፍሬ ዘጋሁት።

መሣሪያው እኮ ይዞታል። ከሄደም በኋላ ይዞታል።

ኅዳር 29

እማማ እንቁ ጓሮ ራሳቸውን ሲታጠቡ ደረስኩባቸው። ሻሹን አውልቀዋል። ጸጉራቸው ተላጭቷል፤ ያ ሁሉ ሹሩባ።

"ለራስ ምታቱ ነው ልጀ" አሉኝ። "ላዩ ላይ ሲከብደኝ ተላጨሁት።"

"ጥሩ አደረጉ፣ አየር ያገኛል" አልኳቸው። ሻሹን አቀበልኳቸው። እጃችን ተነካካ። የሁለታችንም ቀዝቅዟል፤ የጠዋት ብርድ ነው።

በእኛ አገር ሴት ለምን እንደምትላጭ አውቃለሁ። ለራስ ምታትም ይላጫል።

ታኅሣሥ 6

እማዬና እማማ እንቁ ከንጋት በፊት ወደ ቡሬ ሄዱ። ቄሶችም ይሄዳሉ ተብሏል። "ማኅበር አለብን" አሉኝ። የማን ማኅበር ስላት እማዬ "የመድኃኔ ዓለም" አለችኝ። መድኃኔ ዓለም በሃያ ሰባት ነው። ዛሬ ስድስት ነው።

ከጥቅምት 27 ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። መምህር ነኝ፣ ሳልቆጥር አልቀርም። የመጣልኝን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም።

ያምሮት አጠገቤ ቁጭ ብላ ዋለች። "ያሚ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" ስላት ፊቷ ዐመድ መሰለ። እሷን አየኋትና፣ "ጨው የት ነው ያደረግሽው?" አልኳት።

ታኅሣሥ 20

ትናንት በገብርኤል ወለድኩ። ወንድ ነው። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ጤነኛ ነው፣ ይጮኻል፣ ጆሮው የማን እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ለወንድ የሚገባው እልልታ ሰባት ነው። እማማ እንቁ ጀመሩት። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ሌሎቹ ሴቶች ሊቀበሏቸው አልደፈሩም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሕፃኑ ጩኸት ብቻ ነበር።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይሉኛል። እያንዳንዱ ሰው ሕፃኑን አይቶ ፊቱን ያዞራል።

"ስም ማን ልትሉት ነው?" አለች ሀኒ።

"አባቱ ያውጣለት" አልኩ። ለምን እንዲህ አልኩ? ማንን ልፈትን? አምላኬ ሆይ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉትን ፊቶች ማየት አልነበረብኝም።

ጥር 1

ሕፃኑ ተኝቷል። አራስ ቤት ነኝ፤ ሥራ አትሥሪ ተብያለሁ። ላፕቶፑን በብርድ ልብሱ ሥር ከፈትኩት።

ዛሬ ቀነስኩት። ንባቦቹን አንድ በአንድ አቀናነስኩ፣ ለሁለት አካፈልኩ። እጁ ከእያንዳንዱ ቁጥር ወጣ። "አሁን ወጣ" አላልኩም። ጠረጴዛም አልመታሁም።

ከዚያ ቅይጡ ከረንትን የመከላከል አቅሙን ከሙቀቱ ጋር አገናኝቼ ሳልኩት። በብረት ውስጥ ቢሆን ሲቀዘቅዝ መከላከሉ ይቀንሳል። አሥራ ሁለቷ ግን ስትቀዘቅዝ ጨመረች፤ ሽቅብ፣ ቀጥ ብላ። ከቁልቁለቱ ክፍተቱን አሰላሁት። አለ! ሃያ ሚሊኤሌክትሮን ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ከአምስቱም ግን የእሷ ይሰፋል። የገመትኩት ልክ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አማካሪዬ የተጠራጠረው፣ ስመኘው ብቻ ያመነው።

"ስመኘው፣ ተከፈተ!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ዞሬም ነው ያልኩት፣ ወደ አልጋው ወደ ግራ ጎን።

ትራሱ ላይ የሕፃኑ መጠቅለያ ነበር።

ሞቷል። ይኸው ጻፍኩት። ቦርሳው የመጣ ቀን አውቄዋለሁ። ሰው መነጽሩን ትቶ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። የታጠበው ሹራብ፣ የተላጨው ጸጉር፣ በስድስት የዋለው መድኃኔ ዓለም፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ነው የሚያርፉት። እኔ ግን ሌላ መስመር ልስልባቸው ስታገል ከረምኩ። ለተማሪ ዜሮ የምሰጥበት ሥራ ነው። የለካው ለእኔ ነው፤ የቆየው እኔ ቆይ ስላልኩት ነው። ናፍቆኛል። ይህን የምነግረው ሰው ቤት ውስጥ የለም፤ ሁሉም ደግሞ ያውቁታል።

ጥር 5

ሕፃኑ ሌሊት አላስተኛኝም። ንጋት ላይ ውኃ ልጠጣ ስነሣ ከጓዳ ድምፅ ሰማሁ። ቆምኩ።

"እስከ ክርስትናው ድረስ ቻይው እንቁ" ትላለች እማዬ። "አርባ ቀኑ ይሙላ፣ ይጠመቅ፣ ያኔ አባ ይነግሯታል። አሁን መርዶ ከሰማች ወተቷ ይደርቃል።"

"ቻልኩት እኮ፣ ቻልኩት" ይላሉ እማማ እንቁ። ድምፃቸው የታፈነ ነው። "ቡሬ ላይ ያለቀስኩት ሬሳው ሲገባ ብቻ ነው፤ እሷ ዘንድ ልሂድ ብየ በሦስተኛው ቀን ለቅሶየን አቋርጨ ተነሣሁ። ሙሾ አላወጣሁለትም። አንጀቴ ውስጥ ተቀምጦ ነው ያለ።"

በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ነው የሚያለቅሱት። ድምፅ የለውም። ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል።

ውኃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ። እኔ ያላወቅሁ እየመሰልኩ፣ እሳቸው ያልሞተባቸው እየመሰሉ፣ ማን ለማን ነው? እኔ ላለመስማት ጆሮዬን ስይዝ የሳቸውን አፍ ነው የያዝኩት። አንድ ልጃቸውን ቀብረው የእኔን እግር ሲያሹ ከረሙ።

ጥር 6

ጠዋት ሕፃኑን እስኪጠግብ አጠባሁት። ሁለቱንም ጡት። ሲያገሳ ለያምሮት ሰጠኋትና ወደ ደጅ ይዛው እንድትወጣ ነገርኳት። እማማ እንቁ አጥሚቱን ይዘው ገቡ።

"እማማ፣ እስኪ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"ምነው ልጀ? አመመሽ?"

"አላመመኝም። ስመኘው የት ላይ ነው የሞተው?"

ሳህኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ጠብታ አልፈሰሰም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

እማዬ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። አፏን በእጇ ይዛለች።

"ከዱርቤቴ ወዲህ ነው" አሉ እማማ እንቁ። "ዋናው መንገድ ሲዘጋ በጥርጊያ መንገዱ ዞረው ሲመጡ፣ ሚኒባሱ ከገደሉ ገባ። አልተሠቃየም ይላሉ። ይላሉ እንግዲህ።" እጄን ያዙኝ። "ልጀ፣ ወተትሽ…"

"ጠግቦ ነው የወጣው እማማ። እኔ ነኝ ሁለት ቀን ቆይ ያልኩት። ይህንንም ይወቁልኝ።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ክንፈሚካኤል ነግሮኛል። 'አለቃየ ካልጨረስክ አትምጣ ብላኛለች' እያለ ሲስቅ ነበር የወጣው አለኝ።"

የተዘጋጀሁበት ነገር ነበረኝ፣ ጠፋብኝ። ዝም ብዬ "እማማ፣ እንግዲህ ያልቅሱ" አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ እማዬን አዩ። ደግመው እኔን አዩኝ። እኒያ ትልቅ ሰው፣ ቤት የመሩ፣ ማሳ ያሳረሱ፣ እንደ ልጅ ፈቃድ ጠየቁኝ።

"ላልቅስ ልጀ?"

"ያልቅሱ።"

መጀመሪያ ድምፃቸው እምቢ አላቸው። አፋቸው ተከፍቶ ምንም አልወጣም። ትከሻቸውን አቀፍኩ፣ ደረታቸው ሲሞላ ተሰማኝ። ከዚያ ልጃቸውን በስሙ ጠሩት። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።